የእጅ ሙያ ያለ ንባብና ያለ ስሌት አይጸናም

በዚህ የአንባብያን ዓምድ ላይ ስለ መንገድ ብልሽት፣ ስለ ውሃ እጥረት፣ ስለ ገበያ ዋጋና ጉዳይን ስለሚያጓትቱ መሥሪያ ቤቶች በየጊዜው ሲጻፍ እመለከታለሁ። ሁሉም የሚገባ ነው። እኔ በደቡብ አቸፈር ወረዳ በዱርቤቴ ከተማ የምኖር፣ በመንግሥት ሥራ ላይ ከ30 ዓመት በላይ የቆየሁና ጡረታዬም የቀረበ ሰው ስሆን፣ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ብዙ ስላልተጻፈበት አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም ወጣቶቻችን ሙያ ሊማሩ ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሲገቡ ከሙያው በፊት ሊኖራቸው የሚገባው የማንበብ፣ የመጻፍና የማስላት ችሎታ ጎድሏቸው ስለ መገኘታቸውና ይህንንም ጉድለት ጎረቤታሞቹ ኮሌጆች እየተጋገዙ ሊያቃኑት ስለሚችሉበት መንገድ ነው። አዘጋጁ ቦታ እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሩን ከራሴ ቤት ልጀምር። የእኅቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሳይቀናው ቢቀር፣ በአካባቢያችን ባለ አንድ ኮሌጅ ገብቶ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥራ ተማረ። የኮሌጁን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የአንድ ኮሌጅ አይደለምና። ልጁ እጁ ወርቅ ነው። የቤቴን የመብራት መሥመር የዘረጋው እሱ ሲሆን እስከ ዛሬ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ይሁን እንጂ ለሙያ ብቃት ምዘና በተቀመጠ ጊዜ የተግባሩን ክፍል በደኅና አልፎ በጽሑፉ ወደቀ። ዳግመኛ ተቀመጠ፤ ዳግመኛም ወደቀ። እናቱ «የሰው ዓይን በልቶት ነው» አለች። እኔም በልቤ «ሰነፍ ቢሆን ነው» ብዬ አምቼው እንደ ነበር ዛሬ ሳልደብቅ እናገራለሁ።

አንድ ማታ አጠገቤ አስቀምጬ ከመለማመጃው ጥያቄዎች አንዱን አነበብሁለት። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ስለ ነበር ወደ አማርኛ መለስሁለት። «ባለ 60 ዋት 10 አምፖልና ባለ 3,500 ዋት አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ባለበት ቤት፣ መሥመሩ 220 ቮልት ቢሆን፣ ሁሉም አንድ ጊዜ ሲበሩ የሚያልፈው ኮረንቲ ስንት አምፔር ነው?» የሚል ነበር። ልጁ ጥያቄውን እንደ ሰማ ወዲያው «ጋሼ፣ በዚህ ቤት ባለ 16ቱ ብሬከር አይችልም፤ ምጣዱ በተጣደ ቍጥር ይወርዳል። ባለ 20ው ነው የሚያስፈልገው» አለኝ። «መልካም፤ እንግዲያው ስንት አምፔር ሆነ?» ብለው ግን ዝም አለ። 600ን ከ3,500 ጋራ ደምሮ 4,100 አገኘ። «ለ220 አካፍለው» ስለው እርሳሱን እንደ ያዘ ላብ አጠመቀው። ከብዙ ድካም በኋላ ያወጣው መልስ 186 ነበር። ትክክለኛው 18.6 ነው። እጁ መልሱን አስቀድሞ ያውቀው ኖሮ፣ ወረቀቱ ላይ አንዲት ነጥብ ጣለችው።

በዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህ ልጅ 12 ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሷል፤ ኮሌጅም ገብቷል። ታዲያ ማካፈልን የት ነው ጥሎት የመጣው? ማንስ ልብ አለ? የሙያ አሠልጣኞቹን ቀርቤ ብጠይቃቸው «እኛ የምናስተምረው ኤሌክትሪክ ነው፤ ማካፈል የአራተኛ ክፍል ሥራ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የአራተኛ ክፍል መምህሩም ቢጠየቅ «ልጁ ከእኔ ከሄደ ስንት ዓመቱ» ይላል፤ እሱም እውነቱን ነው። ሁሉም እውነት ተናግሮ ልጁ ግን በመካከል ቀረ።

መፍትሔውን ያገኘነው ከጎረቤት ነው። በአጥራችን ማዶ ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተመርቃ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የምታስተምር አንዲት ወጣት ነበረች። ነገሩን ስነግራት በሳምንት ሦስት ማታ በረንዳዬ ላይ ልታስጠናው ፈቀደች። ይህች መምህርት ስለ ኤሌክትሪክ አንዳች አታውቅም፤ ነገር ግን ሰው ማካፈልን የሚስተው የት ቦታ ላይ እንደ ሆነ ታውቃለች። ሰሌዳም መጽሐፍም አላመጣችም። «የያዝኸውን አምፖልና ብሬከር አምጣልኝ» አለችውና በላያቸው የተጻፈውን ቍጥር እያስነበበች፣ እያስደመረች፣ እያስካፈለች ሁለት ወር ቆየች። እሷም ብሬከር ምን እንደ ሆነ ከእሱ ተማረች። ልጁ በሦስተኛው ምዘና ጽሑፉን አለፈ። ዛሬ የራሱን እንጀራ ይበላል።

ይህን የጻፍሁት የእኅቴን ልጅ ለማመስገን አይደለም። ከእሱ ጋራ ወድቀው የነበሩት ጓደኞቹ በረንዳና ጎረቤት መምህርት አልነበራቸውም። አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ፤ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፤ አንዱ ደግሞ የት እንደ ደረሰ ቤተሰቡም አያውቅ። የሠለጠኑበት ሙያ፣ መንግሥት ያወጣላቸው ገንዘብ፣ የወላጆቻቸው ስንቅ ሁሉ እንዲያው ቀረ። ታዲያ የአንድ ልጅ ዕድል ጎረቤቱ ማን እንደ ሆነ ባለ አጋጣሚ መወሰን ይገባዋልን?

ቢሮ ውስጥ የምንውል ሰዎችም ይህን ጉድለት በየቀኑ እናየዋለን። ማመልከቻ ሲቀርብልን ጠያቂው ምን እንደሚፈልግ ሦስት ጊዜ አንብበን የማንረዳበት ጊዜ አለ። የምስክር ወረቀት ይዞ የመጣ አዲስ ሠራተኛ ከመቶ 15ን ለማውጣት ወደ ባልደረባው ዞር ሲል፣ የውሎ አበል ሒሳብ ተሳስቶ ሲመለስ፣ የወር ሪፖርት ካለፈው ወር ቃል በቃል ተገልብጦ ቀኑ ብቻ ሲለወጥ አይተናል። እኛም ስቀን እናልፋለን፤ ወይም ዝም ብለን ራሳችን እንሠራለታለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በዚህ ረገድ ደባቂዎቹ እኛ ራሳችን ሳንሆን አንቀርም።

ጉድለቱ የአንድ ወረዳ ብቻ እንዳልሆነ በአገር ደረጃ የታወቁት ቍጥሮች ያስረዳሉ። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎችና ከተሞች በታችኛ ክፍሎች ላይ በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34 ያህሉ በራሳቸው ቋንቋ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ሃያዎቹን ዕድሜ የያዙ ወጣቶች ናቸው፤ ኮሌጅ የገቡትም ያልገቡትም በመካከላችን አሉ። በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከመቶ 3.3፣ በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ከመቶ 8.4 ነበሩ። ቍጥሩ መሻሻሉ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በ2017ቱም ቢሆን ከመቶ ከ91 በላይ የሚሆኑት ግማሹን አላገኙም። ከእነዚህ የተወሰኑት በየዩኒቨርሲቲው በሚሰጠው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ይታቀፋሉ። የቀሩትስ? ከቀሩት መካከል ደኅና ዕድል የገጠማቸው የሚመጡት ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው «መጀመሪያ አቅምህን ላሻሽል» ያለለትን ወጣት ያህል እንኳ የማይችለውን ሌላውን ወጣት፣ ኮሌጁ በቀጥታ ወደ ሞተርና ወደ ብየዳ ያስገባዋል ማለት ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ከዚህም ላይ በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀው መቆየታቸው ማንም የሚያውቀው ነው። በእነዚያ ዓመታት ያልተማረው ንባብና ያልተማረው ማባዛት በራሱ ጊዜ አይበቅልም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ጉድለት ሁሉ በኮሌጆቻችን በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ስለዚህ የምንነጋገረው ስላለፈው ብቻ ሳይሆን ስለሚመጣውም ነው።

አገራችን በዚህ ነገር ልምድ የሌላት አይደለችም። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች አገር ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት አንድ ሕፃን ፊደል ለይቶ፣ አቡጊዳ ብሎ፣ ቁጥር ንባብ፣ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ በየደረጃው ሳይጸና ወደ ዳዊት አይሻገርም ነበር። መሪጌታው «ዕድሜው ደርሷልና ይለፍ» አይሉም። ከዚያም በኋላ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ለቅኔ ጎጃም፣ ለድጓ ቤተ ልሔም፣ ለአቋቋም ጎንደር ይሄድ ነበር። አንዱ ቤት ሁሉን አስተምራለሁ ብሎ አይመካም፤ አንዱ የሌላውን ሙያ ዐውቆ ተማሪውን ይልክለታል። መምህራኑ እየተገናኙ ስብሰባ ባያደርጉም፣ በአንድ ሥርዓት የተያያዙ ነበሩ። ዛሬ ያሉት ኮሌጆቻችን አስፋልት፣ ስልክና መኪና እያላቸው ያን ያህል እንኳ አይተዋወቁም።

የኋለኛውንም ዘመን ብናይ፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደና በ1972 ዓ.ም. ከዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘ ታላቅ ሥራ ነበር። እናቴ ከዚያ ዘመቻ ተማሪዎች አንዷ ናት። በኩራዝ ብርሃን ስሟን ስትጽፍ አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ የምስክር ወረቀቷንም በሣጥን አኑራው ኖራለች። ነገር ግን ዘመቻው ካለፈ በኋላ በእጇ የሚገባ የሚነበብ ነገር ባለመኖሩ፣ ያወቀችውም ለዕለት ሥራዋ ስላልጠቀማት ጥቂት በጥቂት ረሳችው። በስተርጅናዋ ለፊርማ ጣቷን ቀለም ስትነክር ማየት ለእኔ መራራ ነገር ነበር። ከዚህ የተማርሁት፣ ንባብና ስሌት ከሥራ ጋራ ካልተጋቡ በቤት ውስጥ እንደ ተሰቀለ ጋሻ ሆነው እንደሚቀሩ ነው። በሥራ ላይ ከዋሉ ግን እንደ ማረሻ በየቀኑ ይሳላሉ።

የሌላውንም ዓለም ልምድ ጥቂት ላንሣ። በአሜሪካ የማኅበረሰብ ኮሌጅ የሚባሉ፣ በር ዘግተው ማንንም የማይመልሱ ኮሌጆች አሉ፤ የመጀመሪያው በኢሊኖይ ግዛት በጆልየት ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ተከፈተ። በር ክፍት መሆኑ መልካም ሆኖ ሳለ፣ የሚገቡት ተማሪዎች ብዙዎቹ በንባብና በሒሳብ ደካሞች ሆነው ተገኙ። በካሊፎርኒያ ኮሌጆቹ ከመቶ በላይ ሲሆኑ፣ በ2006 የመሠረታዊ ክህሎት መርሐ ግብር ከተጀመረ በኋላ ጎረቤታሞቹ በየአካባቢያቸው እየተሰባሰቡ መምህራኖቻቸውን በጋራ ማሠልጠንና የሠመረላቸውን ዘዴ መለዋወጥ ያዙ። በዋሽንግተን ግዛት ደግሞ ሌላ ዘዴ ተገኘ። ይኸውም በአንድ ክፍል ውስጥ የሙያ መምህሩና የመሠረታዊ ትምህርት መምህሩ አብረው ቆመው እንዲያስተምሩ ማድረግ ነው። ተማሪው ብየዳውንም ለብየዳው የሚያስፈልገውን ሒሳብም በአንድ ሰዓት ይማራል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የበረንዳዬ ትምህርት ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ።

ከእነሱ ስሕተትም የምንማረው አለ። ብዙ ኮሌጆች ደካማውን ተማሪ «መጀመሪያ ይህን ጨርስ፣ ቀጥሎም ይህን» እያሉ በማካካሻ ትምህርት ደረጃዎች ስላቆዩት፣ ተማሪው ሙያውን ሳያይ እየሰለቸ ይቀር ነበር። ከዚህም የተነሣ ካሊፎርኒያ በ2017 ባወጣችው ሕግ ተማሪዎች በተቻለ መጠን በቀጥታ ወደ ዋናው ትምህርት ገብተው ድጋፉን ጎን ለጎን እንዲያገኙ አዘዘች። እንግዲህ መሠረታዊ ክህሎት ማለት ወጣቱን በመጠበቂያ ክፍል ማጎር አይደለም፤ ሙያውን እየተማረ የጎደለውን መሙላት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውን መንገድ አንባቢ ያስበው። መራዊ፣ ወተት አባይ፣ ዱርቤቴ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊ፣ ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ጅጋ፣ ደምበጫ በአንድ አስፋልት ላይ እንደ መቍጠሪያ ተሰክተዋል። የወረዳና የዞን ድንበር ቢለያያቸውም ገበያቸው አንድ፣ አውቶቡሳቸው አንድ ነው። በዚህ አካባቢ ቴክኒክና ሙያ የሚያስተምሩ ኮሌጆች አሉ። በፍኖተ ሰላምና በእንጅባራ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች አሉ። በሁለቱ ጫፍ የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በመካከልም የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አለ። በባሕር ዳር በ1965 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረው የመምህራን አካዳሚ ራሱ ከተቋቋመባቸው ዓላማዎች አንዱ ለጎልማሶች ትምህርት ባለሙያ ማፍራት እንደ ነበረ ልብ ይሏል። በቡሬም በ2013 ዓ.ም. ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካና የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቀዋል። እነዚህ የሚፈልጉት ማሽን የሚነካ እጅ ብቻ ሳይሆን በማሽኑ ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ የሚያነብ ዓይን ጭምር ነው።

ሁሉም አለ፤ የሌለው ማሠሪያው ነው። ምክንያቱም የሥራ ክፍፍላችን ነው። የቴክኒክና ሙያው ኮሌጅ በላይ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ይመራል፤ የመምህራን ኮሌጁ የትምህርት ቢሮው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ የጎልማሶች ትምህርት ደግሞ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ጥግ ይዟል። ማካፈል የማይችለው የኤሌክትሪክ ተማሪ የማን ነው ቢባል በየትኛውም መዝገብ አይገኝም። እኛ የቢሮ ሰዎች በሁለት መሥሪያ ቤት መካከል የወደቀ ጉዳይ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ እናውቃለን።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ጉድኝት» በሚባል ዘዴ ተቀራርበው፣ አንዱን ማዕከል አድርገው ሲረዳዱ ቆይተዋል። ለኮሌጆቹም እንዲህ ያለ ጉድኝት በዚህ መንገድ ላይ ይቋቋም፤ ሥራውም እነዚህ ይሁኑ።

1ኛ/ አንድ ዓይነት የመግቢያ መመዘኛ ይኑር። ይህም ማንንም ለመመለስ ሳይሆን የጎደለውን ለማወቅ ነው። አንድ ገጽ የአማርኛ ምንባብ አንብቦ ዋናውን ነገር መናገር፣ አጭር የሥራ ሪፖርት መጻፍ፣ ከመቶ ማውጣት፣ ማካፈል፣ መለካት፣ በዕቃ ላይ ያለ አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መረዳት፤ ይኸው ይበቃል። በዱርቤቴም በደምበጫም ወረቀቱ አንድ ከሆነ ማን የት እንደ ደረሰ ማወዳደር ይቻላል።

2ኛ/ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሁለት መምህር በአንድ ክፍል ይቁሙ። የመምህራን ኮሌጆች ዕጩ መምህራንን ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች እንደሚልኩ የታወቀ ነው። ከእነዚያ ጥቂቶቹ ወደ ቴክኒክና ሙያው ኮሌጅ ቢላኩ ልምምዳቸውን ያገኛሉ፤ ኮሌጁም ያለ አዲስ ቅጥር ረዳት ያገኛል።

3ኛ/ የጋራ መልመጃ መጽሐፍ ይዘጋጅ፤ በየሙያው ይሁን። ለግንበኛው፦ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 3 እጅ ጠጠር ሲባል፣ 50 በ40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሣጥን ስንት ሜትር ኩብ ይይዛል? ለግብርናው ሠልጣኝ፦ ለአንድ ሄክታር 1 ሊትር መድኃኒት በ200 ሊትር ውሃ የሚል ጽሑፍ ቢያነብ፣ አንድ ቃዳ ማለትም ሩብ ሄክታር ላለው ገበሬ ስንት ይለካለታል፤ ባለ 20 ሊትሩ መርጫስ ስንት ጊዜ ይሞላል? መልሱ 250 ሚሊ ሊትር፣ ሁለት ሙሉና አንድ ግማሽ መርጫ ነው። ይህን የሳተ ባለሙያ ሰብል ያቃጥላል፤ ወይም የሰው ጤና ይጎዳል። እያንዳንዱ ኮሌጅ የሚበረታበትን አንድ ሙያ ይዞ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ቢያዘጋጅ ሁሉም የሁሉን ያገኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። መጽሐፉ በአማርኛ፣ በአዊ ላሉትም በአገውኛ ሆኖ፣ በምዘና የሚመጡት የእንግሊዝኛ የሙያ ቃላት ከጎኑ ይጻፉ።

4ኛ/ አሠልጣኞች በየሦስት ወሩ በየተራ በአንዱ ከተማ ይገናኙ። ነገር ግን ስብሰባው የንግግርና የአበል ስብሰባ እንዳይሆን፣ እያንዳንዱ ተማሪዎቹ የሳቱበትን እውነተኛ ወረቀት ይዞ ይምጣ። «የእኔ ልጆች እዚህ ላይ ይወድቃሉ፤ አንተ ምን አደረግህ?» ይባባሉ። የጽሑፍ ምዘናውን ስንቱ እንዳለፈና ስንቱ እንደ ወደቀ በአንድ መዝገብ ይያዝ፤ ያልተመዘገበ ነገር አይሻሻልምና።

5ኛ/ ማታ ማታ በሩ ለሠራተኛውም ይከፈት። በየመሥሪያ ቤታችን ያሉት የጥበቃ፣ የጽዳትና የተላላኪ ሠራተኞች፣ የጥቃቅን ንግድ ሴቶች፣ ከዚህ ቀደም ፊደል ቆጥረው የረሱ እናቶች በዚያው ክፍል ቢገቡ ምን ይከለክላል?

ለዚህ አሳብ ተቃዋሚ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። ከላይ የተዘረዘረው ግን አዲስ ሕንፃም አዲስ መኪናም አይጠይቅም፤ ክፍሎቹ አሉ፤ ሰዎቹም አሉ። የሚያስፈልገው ወረቀትና ማባዣ፣ ጥቂት የመጓጓዣ ገንዘብ፣ ከሁሉም በላይ በሁለት መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የተፈረመ አንድ ደብዳቤ ነው። በሌላ በኩል ሁለት ዓመት ሠልጥኖ በጽሑፍ ወድቆ የቀረ አንድ ወጣት ለአገሩ ምን ያህል ኪሣራ እንደ ሆነ ይታሰብ።

«መንገዱ ሰላም ሳይሆን መገናኘት እንዴት ይቻላል?» የሚልም ይኖራል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ አላቃልለውም። መንገድ በተዘጋ ጊዜ መልመጃውን በስልክ መላላክ ይቻላል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ብቻም ይጀመራል፤ ዱርቤቴ ከዳንግላ፣ ቡሬ ከፍኖተ ሰላም። የፍኖተ ሰላም ስም ራሱ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ስሙ በግብር እንዲገለጥ ሁላችንም የምንጸልይበት ነገር ነው። ሥራ የያዘ ወጣት የሚበዛበት አገርም ለሰላም የቀረበ ነው።

«አሠልጣኙ ደመወዙ አነስተኛ፣ ሥራው ብዙ ሆኖ ሳለ ሌላ ሸክም ትጨምሩበታላችሁን?» ለሚሉኝ ደግሞ፣ አዎን፣ ይህ ተጨማሪ ሥራ በመደበኛ ሰዓት ውስጥ ይቈጠርለት እላለሁ። የእኅቴን ልጅ ያስጠናችው መምህርት ገንዘብ አልቀበልም ብላ በስንት ልመና ትንሽ ስጦታ ወሰደች። ነገር ግን አገር በሰው ቸርነት ብቻ መመራት የለበትም። ደግነት በአንድ በረንዳ ላይ ያበራል፤ ለብዙ በረንዳ የሚያበራው ሥርዓት ነው።

የመጨረሻውና ከባዱ ተቃውሞ ግን ከራሳቸው ከወጣቶቹ የሚመጣው ኀፍረት ነው። 12ኛ ክፍል የደረሰ ሰው «ማካፈል አልችልም» ለማለት ያፍራል። ይህን ኀፍረት የምናበረታው እኛ ታላላቆቹ ነን። እኔ ራሴ የእኅቴን ልጅ ሰነፍ ነው ብዬ አላማሁትምን? ስለዚህ በየቤታችንና በየቢሯችን የጎደለውን የሚጠይቀውን ሰው ሳንስቅ የምንመልስለት እንሁን። የማያውቅ ሰው አይነወርም፤ የሚነወር ቢኖር እንደማያውቅ እያየ ያሳለፈው ነው።

ክቡር ዋና አዘጋጅ ሆይ፤ የክልሉ የሥራና ሥልጠናና የትምህርት ቢሮ ኃላፊዎች፣ የኮሌጆቹ ዲኖችም ይህን ጋዜጣ ያነቡ ይሆናል። ሁሉን በአንድ ቀን አድርጉ አልልም። ከመጪው ምዝገባ በፊት የሁለት ጎረቤታሞች ኮሌጆች ዲኖችና የአንድ የመምህራን ኮሌጅ ዲን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ያንን አንድ ገጽ መመዘኛ ቢያዘጋጁ፣ ጉድኝቱ ተጀመረ እላለሁ። እኔም ጡረታ ስወጣ በሳምንት ሁለት ማታ የማመልከቻና የሪፖርት አጻጻፍ ያለ ክፍያ ለማስተማር ቃሌን በዚህ ጋዜጣ ፊት እሰጣለሁ። የሚቀበለኝ ኮሌጅ ካለ በዱርቤቴ እገኛለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከዱርቤቴ